ሁለቱም

የሙዳንጂያንግ ባቡር ጣቢያ፥ ከከሰሉ ክምር ጀርባ፥
ፀሐይ ለወግ ያህል ብቻ ላንድ ሰዓት የምትገባ፥
ሁለት ጡረተኞች በሣጥን ላይ ሰሌዳ ዘርግተው
ይዋጉ ነበር በየቀኑ፥ ጓንታቸውን አውልቀው።

ሃያ አምስት ሃያ አምስት ጦር፥ ከአውራ ጣት የማይበልጥ እንጨት፥
ስሙን ለጌታው ያሳየ፥ ጀርባውን ብቻ ለጠላት።
ጀርባ ማዕረግ አይናገርም፥
ስለዚህ ዳኛ ያሻል፤ ዳኛ ደግሞ አይጫወትም።

ዳኛዋ እኔ ነበርኩ፤ አሥር ዓመት አልሞላኝም።
«የማሞቂያው ጠባቂ፥ የቶንግ ልጅ፤ ልጅ ናት፥ አትዋሽም»
ብለው ከደረጃው ላይ በረዶ ጠርገው
አስቀመጡኝ፥ አንድ እፍኝ የሱፍ ፍሬ ከፍለው።

ደረጃውን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሌ ይዣለሁ፤
ዛሬም ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ ወጥቼ እወርደዋለሁ፦
አዛዡ ሁሉን ይበላል፤ ጄኔራሉ ከአዛዡ በቀር ሁሉን፤
የክፍለ ጦር መሪው የብርጌዱን፥ የብርጌዱ የሬጅመንቱን፤
የሬጅመንቱ ሻለቃውን፥ ሻለቃው ሻምበሉን፥
ሻምበሉ የመቶ አለቃውን፥
የመቶ አለቃው መሐንዲሱን።
መሐንዲሱስ?
ማንንም።
ግን አዛዡ ረግጦት የሚሞትበትን ፈንጂ
እሱ እንደ ድንች ቆፍሮ ያወጣል፤
በሰሌዳው ሐዲድ ላይም የሚታጠፈው እሱ ብቻ ነው፥
ሌላው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይሮጣል።
ቦምብ ማዕረግ አይጠይቅም፥ ከነካው ጋር ይሄዳል።
ባንዲራው አይራመድም፥ አይመታም፤ እሱ ከተያዘ ግን አለቀ።
አዛዡ የሞተበት ደግሞ ባንዲራውን ይገልጣል፥ ሕጉ ነው።
እኩል ከእኩል ከገጠመ፥ ሁለቱም።

ፋን ዴሺን ሠላሳ ዓመት የጣቢያው ኃላፊ ነበረ፤
አዛዡን ከፊት ያሰልፋል፥ ሲያዝ እንደኖረ።
ጓን ሐዲድ ቀያሪ ነበር፤ በአንድ የውርጭ ማለዳ
ብረቱ ሌባ ጣቱን አስቀርቶበታል።
በቀሩት አራት ጣቶች መሐንዲሶቹን ሲያንቀሳቅስ
«እኔ ነኝ ይሄ» ይል ነበር፥ ለራሱ፥ በለሆሳስ።

በዚያ የበረዶ ወቅት የፋን ሚስት ሞተች።
ሃያ ቀን ሣጥኑ ብቻውን ነጭ ለበሰ።
በሃያ አንደኛው ፋን መጣ፥
የካፖርቱን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ።
«ደርድር» አለው ጓንን፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰ።

ሁለት ሻለቃ ፈንጂ ላይ ነዳ። አዛዡን ቦምብ በላው።
ባንዲራው ተገለጠ፥ ከጥጉ ራቁቱን ቆመ።
ከዚያ ጄኔራሉን፥ የቀረውን አንድ ትልቅ፥
ከጓን ዝምተኛ እንጨት ጋር አጋጠመ።

አነሣሁ፥ አነበብኩ። በግራ እጄ ጄኔራል፤ በቀኜ አዛዥ።
ስሌቱ ቀላል ነው፥ አንዱ ካንዱ ይበልጣል።
የፋንን ቁልፍ አየሁ።
«ሁለቱም» አልኩ።

ቃሉ እንፋሎት ሆኖ ከፊቴ ትንሽ ቆየ።

ጓን ሕጉን ያውቃል፤ ባንዲራውን ሊገልጥ
እጁን ሰደደ፥ ከእንጨቱ አናት አደረሰ።
ከገለጠው ፋን ያውቃል፤ ጄኔራል አዛዥን አይገድልም።
አየኝ። የሱፍ ፍሬዬን ቆጠርኩ።
እጁን መለሰ፥ ጓንቱን እንደረሳ ሰው ኪሱ ከተተ።
አንድ መሐንዲስ ቀርቶት ነበር፤ ሐዲዱ ባዶ፥ መታጠፊያው ክፍት፥
በአንድ ጉዞ ከፋን ባንዲራ ደጅ።
እሱን ትቶ የመቶ አለቃውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ጎተተ።

ሲመሽ የፋን ሻምበል ባንዲራውን ነካ።
ፋን አልሳቀም።
የሞቱትን አንድ ባንድ ወደ ቆርቆሮው ሲመልስ
የጓንን አዛዥ ያዘ፥ ረጅም ጊዜ፥ ስሙን በአውራ ጣቱ እያሸ፤
«ዳኛዋ በርዷታል» አለ፥ «ትግባ፥ መሸ።»

ማታ አባቴ ፍሙን እየቆሰቆሰ
ማን እንዳሸነፈ ጠየቀኝ።
ደረጃውን ወጣሁ፥ ወረድኩ፤ መልሱ የቆመበትን እርከን አጣሁ።

በማግስቱ ስሄድ በረዶው ተጠርጎ ነበር፥
መቀመጫዬ ላይ የአሮጌ ካፖርት ቁራጭ ተነጥፎ።
ማን እንዳነጠፈው አልጠየቅሁም። ተቀመጥኩ።
ጦሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቃል፥ ተሰልፎ።